ከብራድፎርድ እስከ ፖርትላንድ፦ ሰንጢ ፍለጋ 7,000 ኪሎ ሜትር

ሰንጢ ያዥ (ሶሊንገን፣ ጀርመን)

ሰላም ለቤቱ። ባለፈው ጥር "አሜሪካ ሄጄ የሰንጢ ፋብሪካዎችን በመኪና ልዞር ነው" ብዬ ስጽፍ ግማሾቻችሁ ሳቃችሁብኝ። "ሶሊንገን ተቀምጠህ ቢላዋ ፍለጋ ውቅያኖስ ትሻገራለህ?" ያለኝም ነበር። አልፈርድባችሁም። የምኖርባት ከተማ ስሟን በሕግ ያስከበረች ናት፤ ከ1938 ጀምሮ እዚህ ያልተሠራ ስለት "ሶሊንገን" የሚል ጽሑፍ እንዲቀረጽበት አይፈቀድም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በአያቶቻችን ዘመን መኳንንቱ ይታጠቋቸው ከነበሩት አንበሳ የተቀረጸባቸው ጎራዴዎች መካከልም ስለታቸው ከዚሁ ተሠርቶ የሄደ አለ።

ይሁንና እኔን የሚማርከኝ ጎራዴ አይደለም፤ ታጥፎ ኪስ የሚገባው ሰንጢ ነው። የሰንጢ ነገር ከተነሣ ደግሞ የአሜሪካኖቹን ሳያዩ መሞት ያስቆጫል። ሦስት ዓመት አጠራቅሜ፣ የዓመት ፈቃዴን አሟጥጬ፣ ከኒው ዮርክ አጠገብ በተከራየሁት መኪና ተነሥቼ በ24 ቀን ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ገባሁ። ዛሬ የመጀመሪያውን ክፍል ልጻፍ።

የመጀመሪያ ማረፊያዬ ብራድፎርድ ነበረች። በፔንሲልቬንያ ሰሜን ጫፍ፣ ጫካ የዋጣት ትንሽ ከተማ ናት። የመንገድ መብራቶቿ በሲጋራ መለኮሻ ቅርጽ የተሠሩ መሆናቸውን ስታዩ የት እንደገባችሁ ይገባችኋል፤ ዚፖ የተባለው መለኮሻ ከ1932 ጀምሮ የሚሠራው እዚህ ነው። ከ1889 ጀምሮ ስሙ የሚታወቀውን የሰንጢ ፋብሪካ ኬዝን ደግሞ ዚፖ በ1993 ገዛው። ሁለቱ በአንድ ሙዚየም ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ። መለኮሻዎቹን በአሥር ደቂቃ አለፍኳቸው። ሰንጢዎቹ ጋ ግን ግማሽ ቀን ቆየሁ፤ ጠባቂዋ ሁለት ጊዜ መጥታ "ደኅና ነህ?" ብላኛለች።

የኬዝ ሰንጢ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ለምሳሌ 6254 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ 6 እጀታው ከተፈለፈለ አጥንት መሆኑን፣ 2 ሁለት ስለት እንዳለው፣ 54 ደግሞ ትራፐር የተባለው ቅርጽ መሆኑን ይናገራል። የተሠራበትን ዓመት ለማወቅ ስለቱ ሥር ያሉትን ነጥቦች መቁጠር ነው። በ1970 አሥር ነጥብ አድርገው ጀመሩ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሱ ሄዱ። እኔ የያዝኩት የአባቴ ጓደኛ የሰጠኝ አሮጌ ኬዝ ሰባት ነጥብ አለው፤ የ1973 ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ነጥቦቹን የዝገት ጠባሳ መስለውኝ ላጠፋቸው ስሞርዳቸው ነበር! እግዜር አተረፈኝ።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ከኬዝ ስም ቀጥሎ ያለው ድርብ ምልክት ነው፤ ሁለት የመስቀል ምልክት (XX) ጎን ለጎን። ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ድሮ ስለቶቹ ለመጠንከር እሳት ሲገቡ አንድ ምልክት፣ ወጥተው ዳግም በለስላሳ ሙቀት ሲለዝቡ ሁለተኛ ምልክት ይደረግባቸው ነበር። ማለትም አርማቸው የሚናገረው ስለ ብረቱ አይደለም፤ "ይህ ሁለቴ እሳት አይቷል" ነው የሚለው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በማግስቱ ቲተስቪል ሄድኩ፤ በ1859 የድሬክ የነዳጅ ጉድጓድ የተቆፈረባት ከተማ ናት። እዚያ በ2006 የተቋቋመ ግሬት ኢስተርን የተባለ ፋብሪካ ከመቶ ዓመት በፊት እንደነበረው አድርጎ ሰንጢ ይሠራል። ጥቂት ጥቂት ስለሚያወጣ የወጣው ወዲያው ያልቃል፤ እኔም ባዶ እጄን ተመለስኩ። ኬባር የተባለው ካራ ሠሪ ያለባት ኦሊያን፣ ኒው ዮርክ፣ ቅርብ ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ወታደሮቹ የታጠቁት ባለ ቆዳ እጀታ ካራ የሚታወቀው በዚህ ስም ነው። ዝናብ ስለነበረ ቶሎ ወጣሁ።


ጋሽ ቁርጥ (አዲስ አበባ)

አንተ ልጅ፣ ደኅና መግባትህ ደስ ብሎኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥጋ ቤት ውስጥ ቢላዋ ይዤ የቆምኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ። የተፈለፈለ አጥንት ያልከው የምን አጥንት ነው? አጥንት እኮ በውሃና በስብ ሲመላለስ ይሰነጠቃል።


ሰንጢ ያዥ

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ከእርስዎ እጠብቅ ነበር። ኬዝ የሚጠቀመው ከብራዚል የሚመጣ የዜቡ ከብት የቅልጥም አጥንት ነው። ዜቡ ማለት ሻኛ ያለው ከብት ነው፤ የእኛው የቦረናና የሐረር በሬ ዘመድ። አጥንቱ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ይመርጡታል። በውሃ መዘፍዘፍ ግን አይወድም፤ ልክ ነዎት።


ጋሽ ቁርጥ

ሻኛ ያለው በሬ አጥንት! እኛ ቅልጥሙን መቅኑ ከወጣለት በኋላ ለውሻ ስንወረውር። በል ቀጥል።


የአውራ ጎዳናው (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ወንድሜ፣ እዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ብራድፎርድ የደረስክ ቀን እኔ ከዚያ በስተደቡብ በአይ-80 ላይ ጭነት ይዤ ነበርኩ። ብትደውል ቡና እንጠጣ ነበር፣ ተቀይሜሃለሁ።

ለሌሎች የምመክረው አለኝ። አሜሪካ አንድ አገር ብትሆንም የቢላዋ ሕጓ አንድ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ ሰንጢ ኪስህ ውስጥ ቢኖር እንኳ መያዣው ከውጭ መታየት የለበትም፤ ስለቱ አራት ኢንች ከሆነም ይዘህ አትወጣም። ቴክሳስ ከ2017 ወዲህ ረጅም ካራ መታጠቅን ፈቅዳለች፣ ሆኖም ከአምስት ኢንች ተኩል ካለፈ ትምህርት ቤትና መሰል ቦታ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እኔ በምኖርባት ኮሎራዶ ከሦስት ኢንች ተኩል የበለጠ ስለት ደብቀህ ብትይዝ ለአደን ወይም ለዓሣ ካልሆነ በቀር ያስከስሳል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከገባህ ደግሞ ሁለት ኢንች ተኩል ነው ወሰኑ። እኔ ለፖስታ ቤት፣ ለኢሚግሬሽን ስሄድ መኪናው ውስጥ ትቼ ነው የምገባው።


ሰንጢ ያዥ

አትቀየም፣ የአንተ ስልክ የነበረበት ወረቀት ቤት ቀርቶ ነው። ሕጉን በተመለከተ መላው ጉዞ ላይ የያዝኩትን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ ነበር የምሄደው፤ ኪሴ ውስጥ የነበረው ስድስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሰንጢ ብቻ ነው። እሱንም ጉዞው ላይ አጣሁት። አንድ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ስሙ ይቅር፣ ዘመድ ልሸኝ ብዬ የኪሴን ዕቃ ሳላራግፍ ወደ ፍተሻው ገባሁ። የፈታሹ ሰው ፊት ላይ የነበረውን ርኅራኄ አልረሳውም፤ ጣለው እንጂ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰንጢ ከተፈተሸ ሻንጣ ጋር በታችኛው ጭነት ይሄዳል እንጂ በእጅ አይገባም። በ2013 ትንንሽ ሰንጢ ሊፈቅዱ ነው ተብሎ ነበር፣ ኋላ ቀረ።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ከብራድፎርድ ወደ ሴቪየርቪል፣ ቴኔሲ፣ ወደ 950 ኪሎ ሜትር ነው። በዓለም ትልቁ የቢላዋ መደብር ነኝ የሚል ቤት እዚያ አለ፤ ስሞኪ ማውንቴን ናይፍ ወርክስ ይባላል። መጠኑን ለማስረዳት፣ መርካቶ ውስጥ ገብቶ የሚሸጠው ነገር ሁሉ ቢላዋ ሆኖ ማግኘት ነው። የብሔራዊው የቢላዋ ሙዚየም ስብስብም እዚያው ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት ዞሬ አንድም ሳልገዛ ወጣሁ፤ ምርጫ ሲበዛ እጄ ይታሰራል።

አትላንታ ላይ ግን ታሰርኩ ማለት አይቻልም። ብሌድ ሾው በየዓመቱ በጁን መግቢያ ገደማ የሚደረግ ትልቁ የቢላዋ ትርኢት ነው፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይካሄዳል። አዳራሹ ሙሉ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ስለት፣ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ በገዛ እጁ የቀጠቀጠው ሰው ተቀምጧል። ጥፍሩ ውስጥ ጥላሸት አለ። ሰው ተሰልፎ ያየዋል፣ እጁን ይጨብጠዋል፣ ከእሱ ጋር ፎቶ ይነሣል። ቀጥቃጭ እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም ነበር።

የአሜሪካ አንጥረኞች ማኅበር በ1976 የተመሠረተ ነው። መሥራቹ ቢል ሞራን የተባለ የሜሪላንድ ሰው ሲሆን፣ በ1973 ካንሳስ ሲቲ በተደረገ ትርኢት ላይ በራሱ እጅ የደራረበውን የደማስቆ ብረት (የተለያየ ብረት አነባብረው ቀጥቅጠው አንድ የሚያደርጉት) ይዞ ቀርቦ የተረሳውን ጥበብ መልሶ አስነሣ። ማኅበሩ አባሉን "አንጥረኛ" ብሎ የሚያጸድቀው በወረቀት አይደለም፤ በፈተና ነው። ሠርተህ ባመጣኸው ስለት በአየር ላይ የተንጠለጠለ አንድ ኢንች ገመድ በአንድ ምት ትቆርጣለህ። ከዚያ ሁለት በአራት የሚባለውን የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ቆርጠህ ትበጥሳለህ። ከዚያ በዚያው ስለት፣ ሳትስለው፣ የክንድህን ፀጉር ትላጫለህ። መጨረሻ ላይ ስለቱን ሞርሳ ውስጥ አስገብተህ እስከ 90 ዲግሪ ታጥፈዋለህ፤ ከተሰበረ ወደቅህ። ያንን የሠራኸውን ቢላዋ እያየህ ማጣመም አለብህ፣ እንደ አብርሃም።

አንዱን ሽማግሌ አንጥረኛ "ለፈተናው ምን ብረት ትመርጣለህ?" አልኩት። "5160" አለኝ። "እሱ ምንድን ነው?" ስለው ሳቀና መስኮቱን አሳየኝ፤ ውጭ የቆመ የጭነት መኪና ነበር። "ከዚያ ሥር ያለው" አለኝ።

ባሌስትራ! ሰዎች፣ ባሌስትራ ነው! እነዚያ አራት መቶና አምስት መቶ ዶላር የሚሸጡ ቢላዋዎች ውስጥ ግማሹ የመርካቶ ምናለሽ ተራ ብረት ነው።


ወናፍ (ባሕር ዳር)

ይህን ክር ለሦስት ቀን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ባሌስትራ የሚለውን ሳይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ ባሌስትራ ሲቀጠቅጥ ነው ያደግሁት፤ ከኤንትሬ መኪና የወጣ የድሮው ይሻላል ይል ነበር።

አንድ እርማት ላስገባ። ባሌስትራ ሁሉ አንድ ዓይነት ብረት አይደለም። 5160 የሚባለው ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦንና ጥቂት ክሮም ያለበት ነው፤ ሌላ ፋብሪካ ሌላ ያደርጋል። ሌላው ችግር ደግሞ መኪና ላይ ብዙ ዓመት የተንገላታ ብረት ውስጡ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይኖረዋል። ስትቀጠቅጠው ደኅና ይመስላል፣ እሳት አሳይተህ ዘይት ውስጥ ስትነክረው ግን "ጭቅ" ብሎ ይጮኻል። ያን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአንድ ቀን ሥራ ሄደ ማለት ነው።

አባቴ ሥራውን ቀን ይቀጠቅጣል፣ ማጠንከሩን ግን ከመሸ በኋላ ነው። ሰዎች "ሌሊት የሚሠሩት ቡዳ ስለሆኑ ነው" ይሉ ነበር። ምክንያቱ እኮ ቀለሙ ነው! ቀን በብርሃን የፍሙን ቀለም መለየት አትችልም፤ ቤቱ ሲጨልም ብረቱ ከጥቁር ቀይ ወደ ብርቱካን ሲሻገር በግልጽ ይታያል። ኋላ ላይ እኔ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ነቅዬ አመጣሁለት፤ ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። አባቴ ዓይኑን ከማግኔቱ ጋር ሲያመሳክር ዘጠኝ ጊዜ በአሥር ትክክል ነበር። በሕይወቴ ያንን ምሽት ያህል ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ተሰልፎ እጁን የሚጨብጠው ሰው ግን አልነበረውም። ቢላዋውን የገዛው ሰው እንኳ ገንዘቡን መሬት አስቀምጦለት ነበር የሚሄደው።


ሰንጢ ያዥ

ወናፍ፣ መልስ የለኝም። አባትህ በሕይወት አሉ?


ወናፍ

የሉም። ወናፉ ግን አለ፤ ቆዳውን ሁለቴ ቀይሬዋለሁ። አሁን በነፋስ ማራገቢያ ነው የምሠራው፣ ሞተር አለው። ጉዞህን ቀጥል፣ ለቅሶ ቤት አታድርገው።


ማስረጃ አምጣ (ለንደን)

ከአትላንታ ወዴት ሄድህ? አርካንሳስ ሄጄ የቦዊን ካራ አገኘሁ ልትለን እንዳይሆን፤ እዚያ ላይ ክርክር አለኝ።


ሰንጢ ያዥ

ጠንቋይ ነህ? ወደዚያው ነው የሄድኩት፤ ዋሽንግተን የምትባል የአርካንሳስ መንደር። ጄምስ ብላክ የተባለ አንጥረኛ በካራ ጠብ ስሙ ለገነነው አሜሪካዊ ለጂም ቦዊ ያንን ታዋቂ ትልቅ ካራ ሠራለት የሚባልባት ቦታ ናት። መንደሯ ዛሬ ታሪካዊ ፓርክ ሆናለች፤ የብላክን ሥራ ቤት በሚመስል ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ብረት ሲቀጠቅጥ አየሁ። ትንሽ ራቅ ብላ ሊትል ሮክ ከተማ ባለው የታሪክ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ የካራ አዳራሽ አለ፤ እጅግ ደስ አለኝ።


ማስረጃ አምጣ

አዳራሹ ይኑር። ታሪኩ ግን አይገጥምም። ቦዊን በመላው አሜሪካ ስም ያወጣለት ጠብ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ በአሸዋ ደለል ላይ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1827 የተደረገው ነው። ቦዊ በጥይትና በሰይፍ ተወግቶ ወድቆ በያዘው ካራ ያንዱን ሕይወት አጠፋ። ብላክ ካራ ሠራለት የሚባለው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ በ1830 ገደማ ነው። እንግዲህ በ1827 የያዘው የማን ነበር? ወንድሙ ሬዚን ቦዊ በ1838 በጻፈው ደብዳቤ "የመጀመሪያውን ካራ እኔ ነኝ ያሠራሁት" ብሏል። ብላክ ሸምግሎ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ምስጢሩን ሊነግር ሲል ሁሉን ረሳው የሚለው ተረት ደግሞ ለእኔ ከጥሩ ታሪክነት አይዘልም።


ሰንጢ ያዥ

ማስረጃህን ተቀብያለሁ። ሆኖም ሞቅ ያለውን ተረት ለመስማት አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቼ ስለሄድኩ ትንሽ እዘንልኝ። የቦዊ ፍጻሜ ግን አያከራክርም፤ ማርች 6 ቀን 1836 ቴክሳስ ውስጥ አላሞ በተባለው ምሽግ ውጊያ ላይ ሞቷል፣ ካራው የት እንደገባ የሚያሳይ ሰው የለም።

ከአርካንሳስ ወደ ጎልደን፣ ኮሎራዶ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ምንም የሌለበት ሜዳ ነው፣ ከመሰልቸቴ የተነሣ ላሞች ቆጠርኩ። ስፓይደርኮ የተባለው የሰንጢ ፋብሪካ ያለው ጎልደን ውስጥ ነው። ዛሬ ሁሉም ሰንጢ ላይ የምታዩት ኪስ ጠርዝ ላይ የሚሰካው ክሊፕ፣ በአንድ እጅ ለመክፈት ስለቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ፣ በ1981 ባወጡት ሰንጢ ላይ ነው የጀመሩት። ከፋብሪካው አጠገብ ያለው መሸጫቸው ገብቼ ቀዳዳዋን በአውራ ጣቴ ደጋግሜ ስከፍት ሻጯ "ለምደኸዋል" አለችኝ። ኦሮራ ላይ የምንበላው ሽሮ ነበር፣ ከዚህ ክር ላይ ያለው ሹፌራችን ግን የዚያን ዕለት ጭነት ይዞ ኔብራስካ ነበረ።


የአውራ ጎዳናው

ከዚያ ወደ ቦይሲ፣ አይዳሆ፣ በዋዮሚንግ በኩል ነው የሄድክ? ነፋሱን ቻልከው? እኛን ባዶ ተጎታች ይዘን ስንሆን መንገዱን ይዘጉብናል።


ሰንጢ ያዥ

መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ጸሎት እያደረግሁ ነው ያለፍኩት።

ቦይሲ ላይ ያሰብኩት አንድ ሰንጢ ነበር፤ ሰቤንዛ። ሠሪው ክሪስ ሪቭ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው፤ በ1989 ወደ አሜሪካ ገባ፣ ሰቤንዛን በ1990 አካባቢ አወጣ። ቃሉ ዙሉኛ ሲሆን "ሥራ" ማለት ነው። መቆለፊያው ራሱ የእጀታው ጎን ነው፤ እጀታው ላይ በተቆረጠ መስመር ያንኑ የብረት ጎን ስለቱ ሥር እንዲገባ ያደርገዋል። ዛሬ በመላው ዓለም የሚቀዳ ዘዴ ነው። ዋጋው ከአራት መቶ ዶላር በላይ ነው፤ ያዝኩት፣ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ መለስኩት። ሚስቴ ይህን ክር እንደምታነብ አውቃለሁና በድጋሚ ልጻፈው፦ መለስኩት።

ከዚያ ወደ ሰሜን፣ እዚያው አይዳሆ ውስጥ ወዳለችው ፖስት ፎልስ። በመንገዱ ላይ ሳልመን ወንዝን በድልድይ ስትሻገሩ ሰዓታችሁ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ግዛቱ ሳይለወጥ የሰዓት ክልል ይለወጣል።

ፖስት ፎልስ ያለው በክ የተባለው የቢላዋ ፋብሪካ ነው። ሆይት በክ በ1902 ካንሳስ ውስጥ የአንጥረኛ ደቀ መዝሙር በነበረ ጊዜ ካረጀ ሞረድ ቢላዋ ይሠራ ጀመር። ወናፍ፣ ይኸው ሌላ የእናንተ ዘመድ፤ እነሱ ሞረድ፣ እናንተ ባሌስትራ። ልጁ አል ሥራውን ተረከበ፣ ሳን ዲዬጎ ብዙ ዓመት ቆዩ፣ በ2005 ወደ አይዳሆ መጡ። በ1964 ያወጡትን 110 የሚባል ተቆላፊ ሰንጢ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነሐስና ዞጲ እንጨት ያለው፣ ኪስ የሚከብድ። ዞጲው ዛሬ ከካሜሩን ነው የሚመጣው።

አስቀድሜ ተመዝግቤ ስለነበር ፋብሪካውን አስጎበኙኝ። ጉዞዬ በሙሉ የተደመደመው እዚህ ነው። በክ የሚጠቀመው ብረት 420ኤችሲ ይባላል፤ የእኛ ሰዎች መድረክ ላይ ስሙን ሲሰሙ አፍንጫቸውን ይነፋሉ። "ርካሽ ነው፣ ካርቦኑ ግማሽ በመቶም አይሞላም" ትላላችሁ፤ እኔም እል ነበር። ነገር ግን ፖል ቦስ የተባለ ሰው ያቋቋመው የእሳት ሥራ ክፍል አላቸው። ስለቱ በምድጃ ይግላል፣ ወዲያው ይበርዳል፣ ከዚያ ከማንም በረዶ በታች ወደሆነ ብርቱ ቅዝቃዜ ይገባል፣ ከዚያ እንደገና በለስላሳ ሙቀት ይለዝባል። በሮክዌል የብረት ጥንካሬ መለኪያ 58 አካባቢ ይወጣል። ሌላ ፋብሪካ ይህንኑ ብረት እንደነገሩ አግሎ ቢያወጣው ድንች ልጦ የሚደነዝዝ ይሆናል። ስለዚህ ለሦስት ዓመት እዚህ መድረክ ላይ ስለ ብረት ስም ስከራከር የነበርኩት ሰው አሁን ቢላዋ ሳይ የምጠይቀው "ማን አጠነከረው?" ብዬ ነው። ብራድፎርድ ላይ ያየሁት ድርብ ምልክት የገባኝ አይዳሆ ላይ ነው።

ፖርትላንድን በአጭሩ፦ በዙሪያዋ ቤንችሜድ፣ ከርሾ፣ ገርበር፣ ሌዘርማን የተባሉ ሰንጢ ሠሪዎች አሉ። ደክሞኝ ነበር። የሌዘርማን መሥራች ባለ ፒንሳ ሰንጢውን ያሰበው በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር ነው፤ መኪናው ሲበላሽበት። የእኔ ኪራይ መኪና አልተበላሸችም፣ ስለዚህ ምንም አልፈጠርኩም።


ሽንኩርት ከታፊ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፣ አትቀየመኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ የምትኖርበት ሶሊንገን በኦገስት 2024 በከተማው በዓል ላይ ሰው በቢላዋ ሦስት ሰው ገደለ። ዜናውን እዚህ አይቼ አንተን አስታወስኩ። ከዚያ በኋላ ቢላዋ መውደድ አይከብድም?


ሰንጢ ያዥ

እህቴ፣ አልቀየምም። ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በዓሉ የከተማዋ 650ኛ ዓመት ነበር፤ ያን ቀን ማታ ፈረቃ ስለነበርኩ አልወጣሁም። ለወራት ስብስቤን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አስቀመጥኩት፤ ባዶ ፍርሃት መሆኑን እያወቅሁ። ከዚያ በኋላ በኦክቶበር መጨረሻ የጀርመን ሕግ ጠበቀ፣ በሕዝብ በዓላት ላይ ቢላዋ ይዞ መገኘት ተከለከለ። እኔ ሕጉን አልቃወምም። በዓል ላይ ሰንጢ ምን ያደርጋል?

አሁንም ግን ጠዋት ዳቦ የምቆርጠው በቢላዋ ነው፤ ጎረቤቴ የሰባ ዓመት ስለት ሣይ ናቸው፣ ዛሬም ይስላሉ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።


ሽንኩርት ከታፊ

ይበቃኛል። የእኔም ቢላዋ ደንዝዟል፣ ሽንኩርት እያስለቀሰኝ ነው። ምን ልግዛ?


ወናፍ

አትግዢ። ያለውን ሳዪው። ደንዛዛ ቢላዋ ሽንኩርቱን ስለሚጨፈልቀው ነው የሚያስለቅሰው።


ሰንጢ ያዥ

ጋሽ ቁርጥ፣ እኔ ከመሄዴ በፊት "ለእኔ አንድ አምጣ" ብለውኝ ነበር። ከፖስት ፎልስ አንድ 110 ገዝቼልዎታለሁ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ ልኬዋለሁ። አሜሪካኖቹም ጀርመኖቹም እንደሚሉት ስለት በስጦታ ከተሰጠ ወዳጅነትን ይቆርጣል፤ ተቀባዩ አንድ ሳንቲም መክፈል አለበት። ሳንቲሙን እጠብቃለሁ።


ጋሽ ቁርጥ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ደርሶኛል፣ እግዜር ያክብርህ። አንድ ሙሉ ቀን ሠራሁበት። እሳቱን ያልከው እውነት ነው፤ ሞረድ ላይ ከአንዴ በላይ አላስኬድኩትም፣ እስከ ዛሬ ያየሁት ስለት ሁሉ ያን ያህል አይቆይም። ነገር ግን ለሥጋ ቤት አይሆንም። ነሐሱ በስብ ያንሸራትታል፣ የሚታጠፍበት ስንጥቅ ውስጥ ጮማ ይገባና አይወጣም፤ በክብሪት እንጨት ሳወጣ አመሸሁ። ለሚዛን ሳጥኑ ገመድ መቁረጫ አድርጌዋለሁ።

ሳንቲሙን በዘመድህ ልኬልሃለሁ። አንድ ብር ነው፤ መልሱን ያዘው።